ስልኬ ጥፋተኛ አይደለም

ዛሬ ጠዋት አክስቴ «ከአሁን በኋላ ራውተሩን የምትነኪው አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ! ደስታው አላስቀምጥ ስላለኝ ይሄው እየጻፍኩ ነው። መጻፍ እንደምችል የገባኝ በቅርቡ ስለሆነ አታቋርጡኝ።

አክስቴ ሱሉልታ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ግን ፕሪንተሩ አልታዘዝ አለ። አክስቴ ስትከታተል፣ ለካ ስልኬ ዋይፋይ ላይ ሲሆን ነው የሚያምፀው። «ስልክሽ ነው የሚያበላሸው!» ብላ በሩ ላይ የፕላስቲክ ቅርጫት አስቀመጠች፤ የገባ ሁሉ ስልኩን አጥፍቶ እዚያ ይጥላል። ከልምምድ መልስ ለማሳተም የሚመጡት ሯጮች ሳይቀሩ። የሚያሳትሙት ነገር እኮ ስልካቸው ውስጥ ነው!

«አንድ ጊዜ ደግሞ ቢቆም አንቺም እዚህ ድርሽ አትይም» አለችኝ። መተየብ የተማርኩት እዚያ ነው፤ የምጽፈውም እዚያ። እንዴት ብዬ ልተው?

የኢንተርኔት መስመሩን የዘረጋልን የቡራዩ ባለሙያ ስደውልለት «ማሚዬ፣ ጥናትሽን አጥኚ፤ እሱን አትነካኪ» አለኝ። እኔ ደግሞ ነካካሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተሩ፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሣጥን፣ ለሚገናኘው ሁሉ በራሱ ቁጥር ያድላል፤ አይፒ አድራሻ የሚባለውን። የፕሪንተሩ ቁጥር ግን በእጅ የተሞላ ስለሆነ ራውተሩ አያውቀውም። አክስቴ ደግሞ መብራት ለመቆጠብ ብላ ፕሪንተሩን የምታበራው የሚያሳትም ሰው ሲመጣ ነው። እስከዚያ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ቀድሞ ለገባው ለእኔ ስልክ ያድለዋል። ሁለቱ አንድ ቁጥር ሲይዙ ይጋጩና ፕሪንተሩ ይቆማል።

«አክስቴ፣ ስልኬ ሌባ አይደለም። የሰጡትን ነው የተቀበለው።»

«አሁን ደግሞ ጠበቃው ሆንሽ?»

«አዎ! ነይና እዪ።»

ስልኬን ከቅርጫቱ አውጥቼ አበራሁት፤ የፕሪንተሩን ቁጥር ይዞ ቁጭ ብሏል። ራውተሩ ሥር የተለጠፈውን የይለፍ ቃል አንብቤ በስልኬ ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገባሁና፣ ያንን ቁጥር ለፕሪንተሩ ብቻ እንዲያስቀምጥለት አዘዝኩት። ስልኬ ሌላ ቁጥር አገኘ። ፕሪንተሩ እያጓራ ወረቀቱን ተፋው።

«ጋሪዳ!» አለች፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። በጣም ስትደሰት ኦሮምኛዋ ይቀድማታል።

ዛሬ ራውተሩን ስትሰጠኝ «ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞችሽን ጥሪና አሳዪያቸው» ብላኛለች። እኔ እናንተንም ጠርቻለሁ። ከሰበታም ሁኑ ከጫንጮ፣ ኑ። «ሴት ልጅ ይሄ ምን ይሠራላታል?» የሚላችሁ ካለ እሱንም ይዛችሁት ኑ። ሹራብ ብቻ እንዳትረሱ፣ ሱሉልታ ይበርዳል።