«አንቺ ጀምሪ፣ እኔ ከፍ አደርግልሻለሁ»

ልጅ ሳለሁ ደብረ ታቦር ውስጥ ከእናቴ ታላቅ ወንድም ከጋሼ መኳንንት ጋር እኖር ነበር። አባቴ ጉና ተዳፋት ላይ ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ ነው፤ እናቴ ከመሞቷ በፊት «ይቺን ልጅ አስተምርልኝ» ብላ ለወንድሟ አደራ ሰጠችኝ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር ፋኖሱ ይለኮሳል፣ ቤቱ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸታል፣ የከሰሉ ምድጃ ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል፣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለና ባላቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ፤ ከዚያ ካርታው ይወጣል።

የምንጫወተው ጋሼ በወጣትነታቸው ከህንድ አስተማሪዎች የተማሩትን ብሪጅ ነበር። በሰፈሩ ሌላ የሚያውቀው ስላልነበረ አራተኛዋ ተጫዋች እኔ ሆንኩ፣ የጋሼ አጋር። ብሪጅ ሁለት ለሁለት ነው። አጋርህ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል እንጂ ካርታውን አታይም፣ እሱም ያንተን አያይም፤ ስለያዛችሁት ካርታ መናገር የሚፈቀደው ጨዋታው ሳይጀመር፣ በየተራ፣ ጥቂት ቃል ብቻ ነው። ጋሼ «አንድ ልብ» ካሉ ቀዩ ልብ በዝቶልኛል ማለታቸው ነው። እኔም ሦስት ልብ ይዤ ሌላው ካርታዬ ደከም ያለ ከሆነ «ሁለት ልብ» ብዬ ትንሽ ከፍ አደርግላቸዋለሁ፤ አራት ልብና ደህና ደህና ካርታ ከያዝኩ «ሦስት ልብ» ብዬ እዘላለሁ። የምደግፍበት ከሌለኝ «ፓስ»።

እኔ ግን ፓስ ማለት አልወድም ነበር። ጋሼን ብቻቸውን ማስቀረት ክፋት መስሎ ይታየኝና ደህና ካርታ ሳልይዝ ከፍ አደርግላቸዋለሁ፣ እንሸነፋለን፣ እትዬ አስካለ በሳቅ ይፈርሳሉ። አንድ ምሽት ጋሼ ካርታቸውን አስቀመጡና ፍሙን እየቆሰቆሱ እንዲህ ሲሉ ተረት ጀመሩ።

ሁለት ወዳጆችን በክረምት የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ለያያቸው፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ማዶ። ውኃው ስለሚጮህ መነጋገር አይችሉም፤ በዱላ ግን አስቀድመው ተስማምተዋል። ማዶ ያለው ዱላውን እስከ ወገቡ ካነሳ «ገመዴ ቀጭን ናት፣ ተጠንቅቀህ ግባ» ማለት ነው። ከራሱ በላይ ካነሳው «ጠንካራ ገመድ አለኝ፣ ሳትፈራ ግባ»። መሬት ካስደገፈው «ባዶ እጄን ነኝ፣ አትግባ»። ታዲያ ያ የማዶው ሰው ገመድ ሳይኖረው፣ ወዳጁን ላለማሳዘን ብሎ ብቻ፣ ዱላውን ከራሱ በላይ አነሳ። ወዳጁም አምኖት ገባና ውኃ ወሰደው።

«ፓስ ማለት ነውር አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ ጋሼ። «ባዶ እጅ ይዞ አለሁልህ ማለት ነው ነውሩ።»

«ገመድ እያለውስ ዱላውን ባያነሳ?»

ጋሼ ሳቁ። «እንዲህ ያለ ሰውማ በተረቱ የለም።»

ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አባቴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ከጉና ወረደ። ባሏ የሞተባትና ልጅ የሌላት እህቱ ዓይኗ እየደከመ ስለነበር እኔን ወስዶ ሊሰጣት ነው። አክስቴ ካለችበት አካባቢ ደግሞ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ከመግባታቸው በፊት ጋሼ ጓዳ ጠሩኝና ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አይዞሽ፣ ሲጠይቁሽ አንቺ ብቻ ጀምሪ፣ እኔ ከፍ አደርግልሻለሁ» አሉኝ። ደስታዬ ሌላ ነበር።

ምድጃውን ከበው ተቀመጡ። አባቴ የመጣበትን ተናግሮ ሲጨርስ አንደኛው ሽማግሌ «እስቲ ልጅቱም ትናገር፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉ። ተነሳሁና «እዚሁ ጋሼ ዘንድ ሆኜ መማር ነው የምፈልገው» አልኩ። የሁሉም ዓይን ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ እጃቸውን ፍሙ ላይ ዘርግተው ይሞቁ ነበር። እንደተቀመጡ፣ ፊቴን ሳያዩ፣ «እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ፤ አባት አላት» አሉ።

ከዱኝ። ያን ጊዜ ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ዛሬም ሌላ ቃል የለኝም። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ሲባል እሰማ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን የገባኝ ሽማግሌዎቹ «ይባረክ» ብለው ሲነሱ ነው። ወደ ጉና በቅሎ ላይ ተቀምጬ ስወጣ ብርዱ ፊቴን እየገረፈኝ አለቀስኩና አለቀስኩና፣ በኋላ አንድ ሐሳብ ያዝኩ። ጋሼ ፓስ ያሉት የሚደግፉበት ቢያጡ ነው፤ ጡረተኛ ናቸው፣ አቅም የላቸውም። ከአክስቴ ጋር ድንች እየቆፈርኩ፣ እጇን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እየወሰድኳት፣ ያ ሁሉ ዓመት ያለፈው በዚህ ነው። አክስቴ ስታርፍ በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች መካከል ተቀምጬ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

ዛሬ ደብረ ታቦር ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ላደርስላቸው ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር። የእትዬ አስካለ ባል አርፈዋል፣ እሳቸውም መምጣት ትተዋል፣ ስለዚህ አራት ሰው አይሞላም፤ እንዲያም ሆኖ ጋሼ ካርታውን ለአራት አደሉና የሁለቱን እንደተደፋ ተዉት።

«አንድ ልብ» አሉ።

ካርታዬን አየሁት። አራት ልብ፣ ንጉሡም ንግሥቲቱም አሉ። ፓስ ልላቸው ፈልጌ ነበር፣ እውነቴን ነው። አፌ ግን እሳቸው እንዳስተማሩት «ሦስት ልብ» አለ።

ጋሼ ካርታቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ያኔ» አሉ፣ «አስመዝግቤሽ ነበር እኮ። ክፍልሽንም አስጠርጌልሽ ነበር። አንቺን የማስተማር አቅሙም አላነሰኝም ነበር።»

«ታዲያ ምነው ጋሼ?»

«ሽማግሌ ፊት ከአባትሽ ጋር መቀያየሙ ከበደኝ።»

ይኸው ነበር። ብዙ ዓመት ተደግፌ የቆምኩባት «ባዶ እጃቸውን ነበሩ» የምትለዋ ሐሳብም በዚያች ምሽት ከሥሬ ተነሳች። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ ነገርኳቸው፣ ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ፣ ባጃጅ እስካገኝ ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። ስለ ወንዙ የጠየቅኳቸው ጥያቄ ትዝ አለኝ። ገመድ እያለው ዱላውን የማያነሳ ሰው በተረቱ የለም ብለውኝ ነበር። የሌለው ለካ ተረቱን የሚያወራው እሱ ራሱ ስለነበረ ነው።