ፊደሉ እንደ በቆሎ ፍሬ

እትዬ ቆንጅት የጻፈችውን ማመልከቻ ጮክ ብሎ ሳያነብ ማንም አይፈርምም ነበር። ዲላ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት በተደረደሩት የቆርቆሮ ኪዮስኮች ውስጥ አምስት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ። የአራቱ ደንበኛ ወረቀቱን ከማተሚያው ላይ ትኩስ እንደሆነ ይዞ ይሮጣል። የእሷ ደንበኛ ግን አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከራስጌው እስከ ፊርማው ድረስ ያነባል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ስህተት ስትሰማ እጇን ታነሣለች።

“ሴትዮዋ ሕግ አዋቂ ናት” ይላል ባለጉዳዩ። “ዳኛ እንኳ እንደ እሷ አያዳምጥም።”

እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስማር ከቤቷ ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን የተየበችልኝ እሷ ናት፤ መቶ አሥር ገጽ ጮክ ብዬ ሳነብላት ድምፄ ለሁለት ቀን ተዘግቷል። ዓይኗን ለምን እንደምትጨፍን ግን ጠይቄ አላውቅም። ሰው ከሰው ጋር ሦስት ዓመት ከአንድ ቧንቧ ውኃ ቀድቶ ይህን ያህል ሳይተዋወቅ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

እትዬ ቆንጅት ፊደል አታይም ነበር።

ሰው ታያለች፣ መንገድ ታያለች፣ የዝናቡን ደመና ታያለች። ፊደል ግን ከአራት ዓመት ወዲህ መጀመሪያ ጉንዳን፣ ቀጥሎ የጉንዳን ጭስ ሆነባት። ስኳር ነው ያደረገው። ጣቶቿ ግን ዓይን አያስፈልጋቸውም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በጽሕፈት መኪና ሠልጥና፣ ግብርና ቢሮ በጸሐፊነት አርጅታ፣ ባሏ ሲሞት ኪዮስኳን የከፈተች ሴት ናት። ሰው ሲያወራት መስኮቱን እያየች ትተይባለች። ጣቶቿ የጻፉት ልክ መሆን አለመሆኑን የምታውቀው በሌላ ሰው አፍ ነበር። የታፈረችበት ሕግ መሸሸጊያዋ ነበር።

አሮጌው ኮምፒውተሯ ላይ ፊደሉን አሳድጋ ሞክራለች። ስክሪኑ ጠባብ ነው፤ በዚያ ላይ በመሐሉ ጥቁር መስመር ይወርድበታል። ፊደሉ ለእሷ እስኪታያት ሲያድግ ሦስት ቃል ብቻ ይቀራል፤ የቀረው ከጠርዙ ወጥቶ ይጠፋል። “ዓረፍተ ነገሩን በማንኪያ እየቀዱ እንደማጉረስ ነው” አለችኝ ኋላ።

መስከረም ላይ እቁብ ደረሳት። በዚያው ሳምንት ከመናኸሪያው በላይ ወዳለው የሳዳም ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጎራ ብላ አንድ ትልቅ ስክሪን ያለው ኮምፒውተር አየች።

“ይኼ ሲፒዩው የታለ?”

“ሲፒዩ የለውም እትዬ። ሆዱም ጭንቅላቱም እዚሁ ስክሪኑ ውስጥ ነው። ኦል ኢን ዋን ይባላል። አንድ ገመድ ትሰኪያለሽ፣ በቃ።”

“አንዱ ነገሩ ሲበላሽስ?”

“እንደ ትዳር ነው፤ አንዱ ሲታመም ሁለቱም ይተኛሉ።”

“የኔ ትዳር እንኳ እንዲህ ሰፊ አልነበረም” አለች፤ ሳዳም ሳቀ። ባዶ ገጽ ከፈተና አንድ መስመር ጻፈላት። “ከፍ አድርገው” አለችው። ከፍ አደረገው። “ከፍ።” እንደገና ከፍ አደረገው። ፊደሉ የበቆሎ ፍሬ ሲያክል፣ መስመሩ ግን ከዳር እስከ ዳር ምንም ሳይቆረጥ ስክሪኑ ላይ እንደተዘረጋ ነበር። እትዬ ቆንጅት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፤ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ሳዳም ኤሌክትሮኒክስ።” ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

“የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ሲባል የሚሳደብ እንጂ የሚያለቅስ ደንበኛ አይቼ አላውቅም” ብሎኛል ሳዳም።

ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ እንደ አዲሱ አይወደድም። ያም ሆኖ የእቁቡ ብር ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል። ለዓይኗ ሕክምና ደግሞ ቀጠሮ ተይዟል፤ ሀዋሳ ያለው የዓይን ሐኪም በኅዳር መጨረሻ በሌዘር ሊያክማት ነው። የጠፋው አይመለስም ብሏታል፤ ሌዘሩ የቀረውን ለማትረፍ ነው። ከዘገየች የቀረውም ይሄዳል።

ልጇ ሔለን ፍስሐ ገነት ከተማ ታስተምራለች። በየማታው ትደውላለች፤ በየማታውም ይጨቃጨቃሉ።

“እማዬ፣ ጠብቂ። ኮምፒውተር የትም አይሄድም።”

“ደንበኛ ግን ይሄዳል።”

“ዓይንሽስ?”

“ዓይኔን አድኜ በምን ልሠራ ነው? የሚተርፈው እኮ መንገድ የሚያሻግረኝ ነው፣ ፊደል አያሳየኝም።”

“እኔ አለሁ አይደል?”

“ያንቺ ደመወዝ ለአንቺስ ይበቃል እንዴ? ቤት ኪራይሽን ማን ሊከፍል ነው፣ ተማሪዎችሽ?”

እንዲህ ተባብለው ስልኩን ይዘጋሉ። እሷ ግን በማግስቱ ሳዳም ሱቅ ትገኛለች። በጥቅምት ወር ብቻ ሰባት ጊዜ ሄዳለች። አትገዛም፣ አትተወውም። ወንበር ስባ ትቀመጥና “እስቲ አንድ ነገር ጻፍልኝ” ትለዋለች። ሳዳም ያለፈውን ቀን የኳስ ውጤት ይጽፍላታል። ታነባለች። አንድ ቀን ሌላ ሰው ሊገዛው መጥቶ ሲነካካው አገኘችው። ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ ዓይኗን አልጎበኘውም። ብትገዛ የቀረውን ዓይኗን መሸጧ ነው። ብትጠብቅ ደግሞ ዕድሜ ልኳን የለፋችበትን እንጀራ በእጇ መቅበሯ ነው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ኋላ ልጠይቃት ስመጣ ነው። ግጥም እጽፋለሁ እላለሁ፤ ለእሷ የሚሆን አንድ ቃል አጣሁ።

ነገሩን የቆረጠው ኅዳር ሃያ ገደማ ከባንኮ ጎቲቲ ቀበሌ የመጣው ሰው ነው።

አቶ ደበበ ቡናና እንሰት ያለው፣ በቤተ ክርስቲያኑ በሽምግልና የሚያገለግል የተከበረ ሰው ነው። ከወንድሙ ልጅ ጋር በቡና መሬት ተካሶ ወረዳው ፍርድ ቤት ላይ ተረታ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይግባኝ ሊል ዲላ መጣና እትዬ ቆንጅት ጻፈችለት። እንደ ደንቧም “ጮክ ብለው ያንብቡልኝ” አለችው። አነበበ። እንዴት አነበበ! አንድ ቃል ሳይደናቀፍ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ የመሬቱን አዋሳኝ በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን፣ በሰሜን የወንድሜ ቡና፣ በደቡብ ወንዝ እያለ። እሷም ዓይኗን ጨፍና፣ እንዲህ የሚያነብ ገበሬ ሰምታ እንደማታውቅ እያሰበች፣ ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን ገልብጦ ይዞት ከሆነም አላየችም።

አሁን ያንኑ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በመጽሐፍ ቅዱሱ መሐል አጣጥፎ ይዞ መጣ።

“እህቴ፣ ማኅተም ካረፈበት ወር አልፎታል። ቀጠሮዬ መቼ ነው? ቡና ለቀማ ላይ ነበርኩ። ማኅተም ስላለው ተቀብለውኛል ብዬ አስቀመጥኩት። ዛሬ መዝገብ ቤት ሳሳያቸው፣ ‘ጊዜህ አልፏል፣ የጻፈልህ ሰው ዘንድ ሂድ’ አሉኝ። አንተ ታውቃለህ ብዬ መጣሁ።”

አቶ ደበበ አማርኛን ያወቀው ገበያ ላይ ነው፤ ሴትንም ወንድንም ‘አንተ’ ይላል። እትዬ ቆንጅት ወረቀቱን ተቀበለችው። ላታየው ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎረቤቷ ኪዮስክ ጸሐፊውን ባርናባስን ጠርታ አስነበበችው። ከማኅተሙ ሥር በእስክርቢቶ የተጻፈው አጭር ነበር። በውሳኔው የተጠቀሰው መሬትና በይግባኙ የተጠቀሰው መሬት የተለያየ ነው፤ በአምስት ቀን ውስጥ ተስተካክሎ ይቅረብ።

ባርናባስ አዋሳኙን አነበበ። በምሥራቅ ባሕር ዛፍ፣ በምዕራብ የጋሪ መንገድ። የሌላ ሰው መሬት ነው። የእሱን ከመጻፏ ከሳምንት በፊት ከገደብ ወረዳ ለመጣ ሰው የጻፈችውን ከፍታ፣ በላዩ ስሙንና ታሪኩን ቀይራ፣ አዋሳኙን ሳትቀይር ቀርታለች። ሁሉም ጸሐፊ አሮጌ ማመልከቻ ላይ አዲሱን ይጽፋል። ሌላው ግን ከመስጠቱ በፊት ያያል።

“ግን እኮ አነበቡልኝ” አለች። “አቶ ደበበ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ብለዋል፣ ወንዝ ብለዋል።”

አቶ ደበበ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘግቶ አንገቱን ደፋ። ባርናባስ ነገሩ ገብቶት ወደ ኪዮስኩ ተመለሰ። ሽማግሌው ሲናገር ድምፁ የዚያ ቀን ድምፅ አልነበረም።

“እኛ ሶንጎ በምንለው ሸንጎ ላይ ሽማግሌ ፊት ነገር በልብ ነው የሚያዘው። የራሴን ነገር በልቤ አውቀዋለሁ። አንተ አንብብ ስትለኝ... በልቤ ያለውን አልኩ። መዝሙርም እንዲሁ ነው። እሑድ እሑድ ገጹን እገልጣለሁ እንጂ አላነብም። ሚስቴ እንኳ አያውቅም።”

ሁለቱ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የማያነብ ሰው ለማታይ ሴት አንብቦላት፣ ሁለቱም አፍረው፣ በሁለት እፍረት መሐል አንድ የቡና መሬት ጠፋ። ይህን ስትነግረኝ ዓለም እንዲህ መሠራቷ አስደንግጦኝ እጄ ላይ ያለው ሻይ ቀዘቀዘ።

“እኔም አላይም” አለችው። “አራት ዓመቴ ነው።”

መዝገብ ቤቱ ያለፈ ጊዜ የሚፈቀደው በቂ ምክንያት ካለ ብቻ ነው ብሏል። በቂ ምክንያት ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ታምሞ ነበር ብሎ መዋሸት ይቻል ነበር። የሐሰት የሐኪም ወረቀት የሚያወጣም አይጠፋም። አቶ ደበበ ግን “በዚህ ዕድሜዬ ያልታመምኩትን ታመምኩ ብዬ አልምልም” አለ። እሷም ተነሣች።

“ይምጡ” አለችው። “ዛሬ በጆሮዬ አልጽፍም።”

ሳዳም ሱቅ ሲደርሱ ትልቁ ስክሪን ገና አልተሸጠም ነበር። “ልትገዢ ነው እትዬ?” አላት ሳዳም። “አንድ ወረቀት ልጻፍበት። ልሞክረው” አለችው። ሳዳም ፊቷን አይቶ ቀልዱን ዋጠና ወንበር ሳበላት።

ፊደሉን እንደ በቆሎ ፍሬ አሳድጋ ጻፈች። ሳዳም መብራት ይሄዳል ብሎ ፈርቶ በየመስመሩ ሴቭ ያደርግላታል። ሲያልቅ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ጽሑፍ ራሷ ጮክ ብላ አነበበች። አመልካች ማንበብና መጻፍ የማይችሉ በመሆናቸው የተጻፈውን ትእዛዝ አለማወቃቸውን፣ ማመልከቻውን ያዘጋጀችው ወይዘሮ ቆንጅት ተሻለም በሕመም ምክንያት ፊደል ማየት የማትችል በመሆኗ የሌላ ሰው አዋሳኝ ማስገባቷን፣ ይህንንም ቀርባ በቃሏ ለማስረዳት ዝግጁ መሆኗን። አቶ ደበበ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

“እህቴ፣ ይኼ ወረቀት አንተን ይጎዳል። ነገ ማን አንተ ጋ ያጽፋል?”

“ማንም። እርስዎንም አልማርኩዎትም፤ ማንበብ አይችሉም ብያለሁ።”

“ቤተ ክርስቲያን ይሰማል።”

“ይሰማል።”

ሽማግሌው ጥቅምት ላይ ስሙን የሚመስል ነገር ሥሎ ፈርሞ ነበር። ወረቀቱ ታትሞ ሲቀርብለት እስክርቢቶውን መለሰ። “ቀለም የለህም?” አለው ሳዳምን። አውራ ጣቱን ነክሮ፣ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ወጣቶች እያዩት፣ ቀስ ብሎ አሳረፈ።

ፍርድ ቤቱ ይፍቀድ አይፍቀድ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልታወቀም። ቀጠሮው ለታኅሣሥ ነው። ወሬው ግን ቀጠሮ አልጠበቀም፤ ከሁለት ቀን በኋላ አግዳሚው ባዶ ነበር። “ዕውር ናት አሉ” እያሉ ወደ አራቱ ኪዮስኮች ያልፋሉ። አንዳንዱ ከእሷ ዘንድ ያጻፈውን የድሮ ወረቀት እያስመረመረ ነው፤ እሷም አልተቀየመችም።

ያን ቀን ግን፣ አቶ ደበበ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ፣ እትዬ ቆንጅት ከስክሪኑ ፊት አልተነሣችም።

“አሳንሰው” አለችው ሳዳምን።

አሳነሰው። የበቆሎው ፍሬ ስንዴ ሆነ። አነበበች። “አሳንሰው።” ስንዴው ጤፍ ሆነ። ዓይኗን አጥብባ፣ ግንባሯ መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ፣ አንድ ቃል ለቀመች። “አሳንሰው።”

“እትዬ፣ አሁን እኮ ማንም የሚጽፍበት ልክ ላይ ደርሷል።”

ነጭ ገጽ ብቻ ነበር ለእሷ። በጥፍሯ መስታወቱን ነካ ነካ አደረገችው።

“እዚህ ላይ ነው ስሠራ የኖርኩት” አለች። “ሽጠው ልጄ። ሐሙስ ሀዋሳ ነኝ።”

ሳዳም የመዝጊያውን ቁልፍ ሊጫን እጁን ሰደደና ተወው። እሷ ደረጃውን በእግሯ ጫፍ እየፈለገች ወረደች።