በሲቪዬ ላይ ያልገቡት አባቴ

ከቡሬ የወጣሁት ገና ሳይነጋ፣ ገበሬው በሬውን ሊጠምድ ሲነሣ ነው። አባቴ እስከ ኮሶበር መንገድ ድረስ ሸኙኝ። የሸሸሁት ጦርነት አልነበረም፤ አንድ ወረቀት ነው። አገር ቤት ያላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ እኔን ግን ዛሬም ያንገሸግሸኛል።

ፍኖተ ሰላም ያለ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሲፈልግ ተፈትኜ አለፍኩ። ከዚያ የሕይወት ታሪክ ጽፈሽ አምጪ ተባልኩ። ጽፌ ብወስድ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ መለሰብኝ።

«የመደብ ጀርባሽ አልተብራራም፣ ጓዲት። አባትሽ ባለርስት ነበር። በዝባዥ ነበር ብለሽ ጻፊ።»

«በገዛ በሬያቸው የሚያርሱ ሰው ናቸው።»

«እሱን ለኛ ተይው። አንቺ አውግዢው፤ ሥራው ያንቺ ነው።»

ይህን የሚለኝ ዳቦ በሻይ እያጠቀሰ ነው። በሰው አባት ላይ እየተፋ ጉርሻውን እንኳ አላቋረጠም። ቤት ገብቼ ብነግራቸው አባባ፣ «ጻፊው፣ ልጄ። መሬቱም ሄዷል፤ ስድቡ አይከብደኝም» አሉኝ። እኒያ ኩሩ ሰው እንዲህ ማለታቸው ከካድሬው ይብስ ከበደኝ። አልጻፍኩም። ወዲያው ስሜ በየስብሰባው ይነሣ ጀመር፤ ሳልታሰር ወጣሁ።

በቻግኒ አድርጌ፣ የጉባን ቆላ በእግሬ አቋርጬ፣ እንደምንም ካርቱም ገባሁ። እናንተ ጭቃው መረረን ትላላችሁ፤ እኔ እዚህ እንደ ምድጃ በሚፋጅ ሙቀት ውስጥ ሆኜ የቡሬን ጭቃ እመኛለሁ። ጧት ፉል፣ ማታ ፉል። ኪስራ የሚሉትን ስስ የማሽላ ቂጣ ሳይ እንጀራ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስቀምሰው ሆድ ባሰኝ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ደግሞ ሥራ ካልያዝሽ ውጪልኝ ብሎኛል።

በዚህ መሐል አንድ የእርዳታ ድርጅት ታይፒስት ይፈልጋል ተባለ። ሲቪ አምጪ አሉኝ። ሲቪ ምንድን ነው ብል የሕይወት ታሪክ ነው አሉኝ። እሱንማ አውቅበታለሁ አልኩ። ወንድሞቼ የት እንዳሉ፣ አጎቴ ለምን እንደታሰረ፣ የእናቴ ወገን ከወዴት እንደሆነ፣ አንዱንም ሳልደብቅ ጻፍኩ። አባባንም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልቤ ጻፍኳቸው፤ ሠርተው የሚያድሩ፣ እንግዳ የማይመልሱ ሰው ናቸው ብዬ።

ቀጣሪው፣ በእነሱ አጠራር ኡስታዝ ሃሺም፣ ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየኝ።

«አጎትሽ ታስሯል። እሱም ሊቀጠር ነው?»

«አይደለም። ደበቀች እንዳልባል ነው።»

«የአባትሽ እርሻ ለኔ ምኔ ነው? ምን ያህል ፈጥነሽ ታይፕ እንደምትመቺ የት አለ?»

እስክሪብቶውን አነሣና ይሠርዝ ጀመር። ስሜ፣ ትምህርቴና የታይፕ ችሎታዬ ብቻ ተረፉ። «ከአንድ ገጽ አትለፊ። የምትችዪውን አስቀድሚ፤ ሌላውን ለጎረቤትሽ አጫውቺ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እናንተም ስትመጡ እንዲሁ አድርጉ። እንዳለኝ አድርጌ ጻፍኩ፤ ሥራውንም አገኘሁ። ግን ሁለቱም አስጠሉኝ። አንዱ በአባቴ ላይ ትፊ አለኝ፣ ሌላው ጠረጴዛ ላይ እንደወደቀ ፍርፋሪ ጠረጋቸው። ያን ቀን እህል አልበላሁም።

ደመወዝ ስቀበል በገበያ ቀን አባባን ቡሬ ስልክ ቤት አስጠራኋቸው። አጠገባቸው የሚያዳምጥ ሰው እንዳለ ከአነጋገራቸው አወቅሁ።

«ሥራ ያዝኩ፣ አባባ።»

«እሰይ፣ ልጄ። እዚያም ወረቀት ጻፊ አሉሽ?»

«አሉኝ።»

«እኔን ታዲያ ምን ብለሽ ጻፍሽኝ?»

«ምንም አላልኩም። ስምዎ ብቻ ነው ያለ፤ ከስሜ ቀጥሎ።»

«ስሜ ብቻ?»

«ስምዎ ብቻ፣ አባባ።»

አባባ ሰው እየሰማቸው፣ «እዚህም ስሜ ብቻ በቅቷቸው ቢሆን ቤትሽ ነበርሽ» አሉ። ስልኩን ለሠራተኛዋ ሲመልሱላት ሰማሁ።