ሐጂ ያልተረጎሙት ፊልም

የልብ አንጠልጣይ ፊልም አዘጋጅ ነኝ ስል ባሕር ዳር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥመኛል። አንዱ «ከየት ተማርሽው?» ይለኛል፤ ሌላው ምንም ሳይናገር «እስኪ እግዜር ይርዳሽ» በሚል ዓይን ያየኛል። ለጠያቂው እውነቱን ብነግረው አያምነኝም። ሙያውን የተማርሁት ከአንድ ጥንታዊ ድምፅ አልባ ፊልምና ጆሯቸው ከማይሰማ አንድ የአቋቋም መምህር ነው። ፊልሙን የሠራው ባሕር ማዶ የኖረ፣ ዛሬ አጥንቱ እንኳ የማይገኝ ፈረንጅ ነው። መምህሩ ግን አባቴ ናቸው፤ ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከጣና ዳር አብያተ ክርስቲያናት ባንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ አቋቋም ሲያስተምሩ ኖረዋል። አቋቋም ካህናት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ የሚያሸበሽቡበት ትምህርት ነው፤ የራሱ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቁም ይባላል፤ ዜማው ብቻ ነው፣ እጅም እግርም አይንቀሳቀስም። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ከዚያ መረግድ ሲሆን ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ። በመጨረሻ ጽፋት ነው፤ ጭብጨባውም ከበሮውም ይፈጥናል፣ ከዚያ ሁሉም ትንፋሹን ሰብስቦ ያርፋል። እኔ ሴት ነኝና ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ከጉባኤ ቤቱ አጥር ማዶ ያደገ ሰው ግን ባይፈልግም ይማራል።

የአባቴ ጆሮ መድከም የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ልብ ያልሁት ግን በጣም ዘግይቼ ነው፤ ሰውዬው በመደበቅ የሚወዳደራቸው የለማ። ፊት ለፊት ቆሞ ያነጋገራቸውን ከከንፈሩ ይለቅሙታል። ያመለጣቸውን ደግሞ «ደግ ነው» ብለው ያሳልፉታል። መብራት ጠፋ ሲሏቸው ደግ ነው። የጎረቤት አጥር ወደቀ፣ ደግ ነው። ተማሪዎቻቸውን እንኳ የሚያርሙት በዓይናቸው ነበር፤ መቋሚያው ከጓደኞቹ የዘገየውን ለይተው ያፈጡበታል። አንድ ነገር ብቻ አያደርጉም፤ «ምን አለ?» ብለው አይጠይቁም። መጠየቅ አለመስማትን ማመን ነው፤ ማመን ደግሞ በእርሳቸው ቤት የመምህርነቱን ወንበር መልቀቅ ነው።

ምሥጢሩን ከእኔ በፊት ያወቁ አንድ ሰው ነበሩ፤ ጎረቤታችን ሐጂ። ሐጂ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ሱቁን ለልጆቻቸው ካስረከቡ ወዲህ ከሰዓት በኋላው ሁሉ የአባቴ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ሐጂ ደግሞ እየጮሁ ይተረጉማሉ፤ አማርኛውን ወደ አማርኛ። «ሰውዬው ሚስቱን ፈታ፣ መሪጌታ!» «ደግ ነው።» አንድ ቀን ፊት ለፊታቸው ቆሜ «አባባ፣ ሐጂ ለምንድን ነው የሚጮሁት?» ብላቸው በሐዘኔታ አዩኝ። «ገበያ ለገበያ የኖረ ሰው ድምፁ ትልቅ ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ» አሉኝ።

የሐጂ ትርጉም ታዲያ አንድ ጉድለት አለበት። ነገሩ ደስ ካላላቸው የራሳቸውን ይፈጥራሉ። የመጀመሪያው ፊልሜ በታየ ዕለት፣ አንድ ሰው በገመድ እየታነቀ፣ ሙዚቃው ጣሪያ ሊያነሣ ደርሶ፣ አዳራሹ ትንፋሹን ይዞ ሳለ አባቴ ከት ብለው ሳቁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኋቸው። በኋላ ሲጣራ፣ ሐጂ ለመሪጌታ የነፍስ ግድያ ማሳየት ነውር መስሏቸው «አጎቱ ነው፤ የአንገት ልብሱን ሊያስተካክልለት ነው» ብለው ተርጉመውላቸው ኖሯል። ያን ጊዜ ነው አባቴ ካልተጮኸላቸው እንደማይሰሙ የገባኝ። በራሴ አፈርሁ፤ ያፈርሁትን ያህል ደግሞ ተናደድሁ፤ ያን ሁሉ ንግግር የጻፍሁት ለማን ነበር?

ወደ ፈረንጁ ልመለስ። አንድ ወዳጄ «ይህንን አይተሽ ተማሪ» ብሎ አንድ የጥንት ድምፅ አልባ ፊልም በፍላሽ ሰጠኝ። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ሐጂ ለቅሶ ሊደርሱ ወረታ ሄደው ስለነበር አባቴ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እነዚህ ፊልሞች ሙዚቃ ይጨመርባቸዋል ሲባል ሰምቼ ነበርና፣ ጭጭ ሲልብኝ የድምፅ ማጉያው የተበላሸ መሰለኝ። ተነሥቼ ሽቦውን ነቀልሁ፣ ሰካሁ፣ ማጉያውን በጥፊ መታሁት።

«ተይው ልጄ፣ ቁጭ በይ! ከለልሽኝ እኮ!» አሉ አባቴ።

ፊልሙ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ሆና ልብስ ታጥባለች። አንድ ሰው በጓሮ በር ይገባል። እኛ አይተነዋል፤ እሷ አላየችውም። ደረጃው ሥር ይደበቅና በእርከኖቹ መካከል ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሴትዮዋ ያጠበችውን ይዛ ትወጣለች፣ ባዶ ገንዳ ይዛ ትወርዳለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ባለፈች ቁጥር ተረከዟ ከዓይኑ ፊት ያልፋል። አንድ ጊዜ የልብስ መቆንጠጫ ወደቀባትና ልታነሣ ጎንበስ አለች። ካሜራው አልቸኮለም፤ እንዳጎነበሰች አቆያት። አባቴ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ኧረ አትውረጂ፣ አንቺ ሴትዮ!» ብለው ጮኹባት።

ሲያልቅ ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ዛሬስ ሁሉንም ሰማሁት» አሉኝ።

ፊልሙ ድምፅ እንዳልነበረው አልነገርኋቸውም። አለቀስሁ ብል ደግሞ ውሸት ነው፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ቅናት ነው። አጥንቱ የማይገኝ ፈረንጅ አባቴን ከእኔ ቀድሞ አስደነገጠብኝ! በዚያው ቀን ወሰንሁ። አባቴ ያለ ሐጂ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከተሉት አንድ ፊልም እሠራለሁ። ሌላው ሰው ቢወደው እሰየው፤ ባይወደውም የራሱ ጉዳይ ነው።

ያንን ፊልም ከአባቴ ጋር ደጋግመን አየነው። እኔ ካሜራው የት እንደቆመ እጽፋለሁ፤ እርሳቸው ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ ይቆጥራሉ። «ይኸ ሰውዬ ተምሯል» አሉኝ አንድ ቀን። «ቁሙን ሳይጨርስ ዝማሜ አልገባም። ያንቺ ሰዎች ገና በሩን ሲከፍቱ ጽፋት ላይ ናቸው።» ነገሩ ቢያናድደኝም እውነት ነበር። በመጀመሪያው ፊልሜ ድመት ስታልፍ እንኳ ሙዚቃ ይጮሃል። ፈረንጁ ግን ሰውን በዝምታ ያስቀምጥና፣ አንድ ነገር ብቻ ያንቀሳቅሳል። ያቺን አንዲት ነገር ሁሉም ሰው ያያታል።

አዲሱን ታሪኬን ይፋግ ወስጄ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ውስጥ አደረግሁት። ማሽኑ ሲሠራ እዚያ ቤት ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ስለዚህ ሰዎቹ የማይነጋገሩበት በቂ ምክንያት ተገኘ። አንዲት ሠራተኛ አለች። ከጆንያ ክምር ጀርባ አንድ ሌባ ተደብቋል። ወለሉን የሩዝ ገለፈት ብናኝ ሸፍኖታል፣ ብናኙ ላይ የእሷ ያልሆነ የእግር ዱካ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ካሜራማኔ ጽሑፉን አገላብጦ አይቶ «ታዲያ ተዋናዮቹ ምን ይበሉ?» አለኝ። «ምንም አይበሉ፤ ይዩ» አልሁት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን በደንብ አላናገረኝም።

ቀረጻው አልቆ ቤት ስገባ ላፕቶፔን አባቴ ፊት ዘርግቼ መቁረጥና መቀጠል ጀመርሁ። የጎበዝ ተማሪ ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ትልቁን ትዕይንት ልክ እንደ አቋቋሙ በተራ ደረደርሁት። ሴትዮዋ ዝም ብላ ቆማለች፤ ቁም። የተሰቀለው አምፖል ይወዛወዛል፤ ዝማሜ። እግር፣ ጆንያ፣ እጅ፣ ዱካ እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ መረግድ። ከዚያ ፍጥንጥን ያለ ጽፋት። በራሴ ኮርቼ ሳልጨርስ፣ ሌባው ከጆንያው ጀርባ ሊወጣ ሲል፣ አባቴ ብድግ ብለው ነጠላቸውን ለበሱ። «ደግ ነው፤ ያድርስሽ» ብለው ወደ ግቢ ወጡ።

ሮጬ ከፊታቸው ቆምሁ። «አባባ፣ ገና ነው እኮ! ሌባው አልወጣም!»

«ጽፋቱ አላለቀም እንዴ?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ከጽፋት በኋላማ ማረፍ ነው እንጂ፣ ሌላ ምን አለ?»

ግቢው መሃል ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰውየውን ሙሉ ማዕድ አብልቼ፣ እጃቸውን አስታጥቤ፣ ቆዩ ዋናው ምግብ ገና ነው ማለቴ ነበር። ተመልሼ ሁሉንም በተንሁት። ከዚያ ወዲህ ጽፋት ሊገባ ሲል እቆርጥና ወደ ቁም እመልሰዋለሁ። ተመልካቹ እጁን ለጭብጨባ አንሥቶ ይቀራል። አባቴ አዲሱን ሲያዩ ተቆጡ። «ምነው ልጄ፣ ሰውን መሃል መንገድ ላይ ትተይዋለሽ?» ሲሉኝ ትዕይንቱ እንደሠራ አወቅሁ። ስለ ዘዴዬ የሚጠይቁኝ ሰዎች ረጅም ነገር እንድነግራቸው ይጠብቃሉ፤ እኔ ግን ከዚህ የተለየ ዘዴ የለኝም።

አንድ ጥፋት ግን እያወቅሁ ሠራሁ። ፊልሙ ውስጥ አንድ የንግግር ዓረፍተ ነገር እንዲቆይ አደረግሁ። ሠራተኛዋ ማሽኑን አጥፍታ፣ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ፣ ለተደበቀው ሌባ አንድ ነገር ትለዋለች። ፊቷ ስለማይታይ አባቴ ከከንፈሯ ሊለቅሙት አይችሉም። ፊቷን እንዳላዞር ቀረጻው አልቋል፤ ዓረፍተ ነገሩን እንዳልጥል ደግሞ ኩራት ያዘኝ። በዕድሜዬ ከጻፍሁት ሁሉ ደህናው እሱ ነበር።

ፊልሙ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ የኪራይ አዳራሽ ታየ። አባቴና ሐጂ መሃል ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ የአባቴ ተማሪዎች ከፊታቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ ፊልሙን ትቼ የአባቴን ማጅራት አያለሁ። ገና ከመጀመሩ ሐጂ «ሴትዮዋ ገባች፣ መሪጌታ!» ብለው አንባረቁ። አባቴ እጃቸውን በሐጂ ጉልበት ላይ አሳረፉ። «አያለሁ እኮ፣ ሐጂ» አሏቸው። ሐጂ ክው ብለው ዝም አሉ። ወደ መሃል ላይ፣ ዱካው ሲታይ፣ ሐጂ ራሳቸው የአባቴን ክንድ ይዘው «ምን ሊሆን ነው?» ሲሉ አየኋቸው። አባቴ በሹክሹክታ የመለሱ መስሏቸው «ዝም ይበሉ፣ ገና ዝማሜ ነው!» ብለው አዳራሹን ሞሉት። ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ያ በር መጣ። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ተናገረች። የአባቴ ራስ ወደ ሐጂ ዘንበል ሲል አየሁ። ሐጂ አፋቸውን ከፍተው ፊልሙ ላይ ቀርተዋል፤ ትርጉም የለም። አባቴ ቀስ ብለው ወደ ፊት ተመለሱ። አበላሸሁት፣ ይህንንም «ደግ ነው» ብለው ሊያልፉት ነው አልሁ በልቤ።

መብራት ሲበራ መድረክ መሪው አስተያየት ያለው እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። አባቴ እጃቸውን አወጡ። መሪጌታ ናቸውና ሁሉም ሰው ምርቃት ጠብቆ ብድግ ብድግ አለ። ማይክራፎኑን ተቀበሉና «የእኔ ጥያቄ ነው» አሉ። «ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ምን አለችው? እኔ ጆሮዬ አይሰማም፤ ከደነቆርሁ ቆየሁ። ሌላውን ሁሉ አይቻለሁ፤ ይችን ብቻ አጣኋት።»

ተማሪዎቻቸው አንዳቸውም ወደ ኋላ አልዞሩም። ስለ እርሳቸው ፈራሁ፤ እግሬ ግን ቀድሞኝ በወንበሮቹ መካከል ይሮጣል። ደርሼ ጆሯቸው ላይ ጮኽሁ። «‹ምሳ በልተሃል ወይ?› ነው ያለችው፣ አባባ!»

«ለሌባው?»

«ለሌባው!»

«አቤት!» አሉና ሳቁ፤ ሐጂ ሳቁ፣ ተማሪዎቹም ሳቁ። «እሱስ ምን መለሰላት?» አሉኝ። ምንም አልመለሰም አልኋቸው። መድረክ መሪው ማይክራፎኑን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። አልሰጡትም። «በእኅትሽ ሰርግስ፣ አማቹ ተነሥቶ ሲናገር ሰው ሁሉ የሳቀው ምን ብሎ ነው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «በፋሲካስ ዕለት የሰፈሩ ልጆች በር ላይ ቆመው ምን ይሉኝ ነበር?» እሱንም ነገርኋቸው። የዓመታት ጥያቄ ተጠራቅሞባቸው ነበርና፣ ከጎናቸው ወንበር ስቤ ተቀመጥሁና አንድ ባንድ እመልስላቸው ጀመር።