መስከረም አንድ የተወለዱ

ያ ድምፅ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ዛሬ በሩ ተቆልፎ ግቢው ሣር በበቀለበት የግል ኮሌጅ የተማረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። የሬጅስትራሩ ማተሚያ መርፌዎቹን በወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ፣ በእንቅልፍ ልቡ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ይመስል ነበር። ተማሪዎቹም «ጥርስ አፋጩ» ብለው ስም አወጡለት። መብራት በመጣ ቁጥር «ጥርስ አፋጩ ተነሣ!» ይባልና ግቢው በሙሉ ወደ መስኮቱ ይጎርፋል። በዋናው መንገድ የሚያልፍ ባለጋሪ ሳይቀር ፈረሱን ገታ አድርጎ «ዛሬስ ማን ወደቀ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከመስኮቱ ወዲያ ቆሞ ረጅሙን ወረቀት እየቆረጠ የሚያወጣው መምህር ወንዳወቅ ነበር። ዛሬ ቡሬ ካምፓስ የሚያስተምረው፣ ጠጉሩ የሸበተው፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ረዳት ፕሮፌሰር ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ ያውም በወረቀት። የጃቢ ጠህናን ገበሬ ልጅ ነውና፣ ትምህርት ቤት የገባ ዕለት ዳይሬክተሩ «ልጁ መቼ ተወለደ?» ብለው ቢጠይቁ፣ አባቱ «ጤፍ ሲታጨድ ነው ጌታዬ፤ ዓመቱን እንኳ እንጃ» አሉ። ዳይሬክተሩ አሰብ አደረጉና «መስከረም 1» ብለው ጻፉ። ከኋላው የተሰለፉት ልጆችም አንድ በአንድ መስከረም 1 ተወለዱ።

ወንዳወቅ ሒሳብ ተምሮ ጥቂት ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር ቆየ። ኮምፒዩተር የሚባለው ነገር ሲመጣ ግን ልቡ ወደዚያ ሄደ፤ በየክረምቱ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ተማረው። ኮሌጁ ሲቀጥረው ለስድሳ ተማሪ የነበሩት ሦስት ኮምፒዩተሮች ብቻ ናቸው። እሱም ቁልፎቹን በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ እየሣለ ለያንዳንዱ ተማሪ አደለ። «ኤ የት ናት?» ሲል ክፍሉ ባንድ ድምፅ «በግራ ትንሽ ጣት ሥር!» ይላል፤ ስድሳ ጣት ካርቶን ይመታል። ከዚያ ክፍል የወጡ ልጆች ዛሬ በባንክ፣ በጤና ጣቢያ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ጣታቸውን ሳያዩ ይጽፋሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙትም ባጃጅ አስቁመው ይወርዱለታል።

ደግ አስተማሪ ነበር። ይህን ማለት ያስፈለገው ኋላ የሚመጣው ነገር ከክፉ ሰው እጅ የወጣ እንዳይመስል ነው።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት የኮሌጁ ዲን ጠሩትና የተማሪዎቹን መዝገብ ከካርድ ወደ ኮምፒዩተር እንዲያዛውር ነገሩት። ወንዳወቅ ብቻውን፣ በስምንት ወር፣ ሶፍትዌሩን ሠራው። አንድ ችግር ግን ገጠመው፤ ጸሐፊዎቹ እየቸኮሉ አንዱን ተማሪ ሁለት ሦስት ጊዜ መዝግበውት ነበር። እሱም በፕሮግራሙ ውስጥ እንዲህ የሚል ሕግ ጻፈ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቀንና ወረዳ አንድ ከሆኑ ሰውየው አንድ ነው፤ ባንድ ትምህርት ሁለት ውጤት ከተገኘም በኋላ የገባው ይያዝ። ባንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ድርብ መዝገብ ነጠላ ሆነ። ዲኑ በመምህራን ስብሰባ ፊት እጁን ጨበጡት። ኋላም ይህንኑ ሥራ ጽፎ በመጽሔት አወጣው፤ ማዕረጉን ሲያገኝ በመጀመሪያ የተቆጠረለት ጽሑፍ እሱ ነው። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች «ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፣ ባንድ ከሰዓት በኋላ!» ሳይል አያልፍም ነበር።

መዝገቡ በተዋሐደበት በዚያው ዓመት ክረምት ደስታነሽ ዳኘው የምትባል ተማሪ ከአባቷ ጋር ወደ ቢሮው መጣች። ከጅጋ በታች ካለው ገጠር የመጣች፣ ቀጭን፣ ስትናገር ደብተሯን ደረቷ ላይ የምታጣብቅ ልጅ ናት። ሦስት ኤፍ ወጥቶባት ከኮሌጁ ተሰናብታለች።

«ተፈትኛለሁ መምህር» አለች። «ሦስቱንም ተፈትኛለሁ። ሒሳብ ቢ ነው ያመጣሁት፤ ተለጥፎ ባይኔ አይቻለሁ።»

ወንዳወቅ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ አየ። «እዚህ ላይ አልተፈተነችም ነው የሚለው።»

«ታዲያ የፈተናው ወረቀት ይታይልኛ!»

ወረቀቱ መጋዘን ውስጥ ነበረ፤ በካርቶን ታሽጎ፣ ከሌሎች ካርቶኖች ሥር። ማውረድ ይቻል ነበር። ግን የምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ከዚያም በላይ ሶፍትዌሩ የእሱ የራሱ ሥራ ነው።

«እኅቴ፣ ሰው ሊዋሽ ይችላል» አለ። «ኮምፒዩተር ግን አይዋሽም።»

አባቷ አቶ ዳኘው እስከዚያ ድረስ ዱላቸውን ታቅፈው በሩ ሥር ቆመው ነበር። ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን አንድ ጊዜ አዩአት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና ለወንዳወቅ እስከ ጉልበታቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

«የኔታ፣ በከንቱ አደከምንዎ። ያሳፈረችኝ ልጄ ናት። ይቅር ይበሉን።»

«ምንም አይደል አባቴ» አለ ወንዳወቅ። ያን ያህል ሲጎነበሱለትም ተነሥቶ አልያዛቸውም፤ የሚገባው ነገር መስሎት ተቀበለ። ከዚያ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ዐሥራ ሰባት ዓመት አለፈ። ኮሌጁ ተዘጋ፤ ወንዳወቅ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ወደ ቡሬ ተዛወረ። ባለፈው ጥቅምት፣ ምሕረት የምትባል ወጣት መምህርት ለመመረቂያ ጥናቷ የእሱን የጥንት ጽሑፍ እንደገና ልትፈትሽ ፈለገችና የኮሌጁን የቀድሞ ፋይል ጠየቀችው። እሱም በኩራት ሰጣት። በሳምንቱ ላፕቶፗን ታቅፋ ቢሮው ገባች።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የዚህ አገር ሰው በሙሉ መስከረም አንድ ነው እንዴ የሚወለደው? ከዐሥሩ ሰባቱ የእንቁጣጣሽ ልጆች እኮ ናቸው! አበባየሆሽ እየተባለላቸው ነው የወጡት!»

ወንዳወቅም ሣቀ። «እኔንም ጨምሪኝ። የመስከረም አንድ ሰው ነኝ።»

«ታዲያ እንደዚህ ከሆነ ሕጉ ሰውን በምን ይለያል?» ሣቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «ይቺን ይመልከቷት። መዝገቡ ከመዋሐዱ በፊት ሁለት ደስታነሽ ዳኘው ነበሩ። ወረዳቸው አንድ ነው፤ ቀበሌያቸው ግን ለየቅል። አንዷ መደበኛ ተማሪ ናት፣ ሒሳብ ቢ አላት። ሁለተኛዋ የቅዳሜና እሑድ ናት፤ ትምህርቱን አቋርጣ ሳትፈተን ሦስት ኤፍ ተጽፎባታል። ከተዋሐዱ በኋላ ቢዋ የለችም። ኤፉ ብቻ ቀርቷል።»

ወንዳወቅ መነጽሩን አደረገ፤ መልሶ አወለቀው። ደረቷ ላይ የተጣበቀው ደብተር፣ ያ ዝቅ ያለ የሽማግሌ ራስ፣ አንድም ሳይጎድል መጣበት። ሌላ አገር የተወለደ ባለሙያ ቢሳሳት ምክንያት አለው። እሱ ግን መስከረም አንድ እንዴት እንደሚጻፍ በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

«ከጥናትሽ ምሳሌዎች ውስጥ አውጪያት» አለ።

«ላውጣት ወይስ ላርማት?»

«ለጊዜው አውጪያት።»

ምሕረት ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ላፕቶፗን አጠፈች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቢሮው ስትመጣ አልቀለደችም።

ወንዳወቅ ወደ ጅጋ መሄድ እንዳለበት በዚያችው ቀን አውቆ ነበር። ግን «ፈተና ልጨርስ» አለ፣ «መንገዱ ይረጋጋ» አለ፣ «ፋሲካ ይለፍ» አለ። በክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ያቺን የሁለት መቶ ዐሥራ አራቷን ታሪክ አይነግሩንም? ካለፈው ዓመት ተማሪዎች ሰምተናል!» ቢለው ዞሮ ሰሌዳውን መጥረግ ጀመረ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

በግንቦት በሚኒባስ ተሳፍሮ ጅጋ ወረደ። ደስታነሽን ለማግኘት ሁለት ሰው እንኳ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ከገበያው በላይ ፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት አላት። ሲገባ የሥራ ማመልከቻ እየጻፈች ነበር፤ ጣቶቿን ሳታይ። ቀና ብላ አወቀችው።

«መምህር ወንዳወቅ! ኧረ ይግቡ። ምን ይጻፍልዎ?»

ቆሞ ነገራት። ቃላቱን ሚኒባስ ውስጥ አሰናድቷቸው ነበር፤ ግን ተዘበራረቁበት። ደስታነሽ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«ሌላዋ ደስታነሽስ ምን ሆነች?» አለች።

«አላውቅም። አቋርጣ ሄዳለች።»

«መቼ ነው ይህን ያወቁት?»

«በጥቅምት።»

«አሁን ግንቦት ነው» አለች፤ እንደ ስድብ ሳይሆን ቀን እንደሚናገር ሰው። ወንዳወቅ ዓይኑን ወደ ፎቶ ኮፒው አዞረ።

«የውጤትሽን ማስረጃ አዘጋጅቼልሽ...»

«ምን ላደርገው? ኮሌጁ የለ። እኔም አግብቼ ፈትቼ፣ ይህን ሥራ በገዛ እጄ ይዤአለሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባቴ ጓዳ ናቸው፤ እግራቸው ከታመመ ወዲህ እኔ ነኝ የማስታምማቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቀን ሰድበውኝ አያውቁም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ግን ሐኪሙ መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ይውሰዱ ብሏል ስላቸው፣ ጎረቤታችንን ሀብተሚካኤልን ጠርተው ‹እውን እንደዚህ ብሏል?› ይሉታል። ዝናብ መጣ ስላቸው እንኳ ሌላ ሰው ይጠይቃሉ። ለእኔ ምንም አያድርጉልኝ። ለእሳቸው ብቻ ይንገሩልኝ። እኔ ቆሜ ልስማ።»

ጓዳው ጠባብ ነበር። አቶ ዳኘው ጋቢያቸውን ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ማን እንደመጣ ሲነገራቸው ሊነሡ ሞከሩ፤ ወንዳወቅ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

ደስታነሽ መቃኑን ተደግፋ ቆመች። የምታየው እሱን አልነበረም፤ የአባቷን ፊት ነበር።

ወንዳወቅ በቀላል ቃል ነገራቸው። ሁለት ደስታነሽ እንደነበሩ፣ የሁለቱም አባት ዳኘው እንደሚባሉ፣ የሁለቱም ልደት ባንድ ቀን እንደተጻፈ፣ እሱም አንድ ሰው እንዳደረጋቸው። «ልጅዎ ያን ዕለት እውነቷን ነበር» አለ። «ወረቀቱ ይታይልኝ ብላ ለመነችኝ፤ እኔ ሰነፍሁ። የዋሸሁት እኔ ነኝ አባቴ።»

ሽማግሌው የደከመ ዓይናቸውን ወደ እሱ አቀኑ። «ተፈትናለች ነው የሚሉኝ?»

«ተፈትናለች። ሒሳቡንም በደኅና ነው ያለፈችው።»

«እንግዲያስ...» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ደስታነሽ ከመቃኑ ቀና አለች።

«ኧረ የኔታ!» አሉ፣ ፊታቸው እየፈካ። «ለዚህ ብለው ነው ከቡሬ ድረስ የተንገላቱት? ሰው አይደሉም እንዴ! ያን ሁሉ ሰው ሲጽፉ አንዲት ነገር ብትስትዎ ምን ይገርማል? እኛ ይቅር ብለናል፤ እግዜርም ይቅር ይበልዎ። ስንቱ የተማረ አጥፍቶ ዝም ይል የለም? እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት።» ወደ በሩ ዞሩ። «ምን ቆመሽ ታያለሽ አንቺ? ለየኔታ ወንበር አምጪላቸው እንጂ!»

ወንዳወቅ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ይህን ያህል ቀሎ የተሰጠ ይቅርታ በሕይወቱ አግኝቶ አያውቅም፤ እንደዚያም ያቃጠለው ነገር አልነበረም።

«አባቴ፣ ለእኔ አይደለም» አለ። «እኔን ይርገሙኝ። ለእሷ ነው እንጂ... ለእሷ አንድ ቃል...»

«ለሷ?» አቶ ዳኘው ከልባቸው ግራ ገባቸው። «እሷማ ልጄ ናት። ለልጅ ምን ይባላል?»

ደስታነሽ ወንበሩን አመጣች። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችና ከወንዳወቅ አጠገብ በቀስታ አስቀመጠችው። አባቷ አሁንም ለእንግዳቸው ፈገግ እያሉ ነበር። ደስታነሽም ወጥታ ወደ ጀመረችው ማመልከቻ ተመለሰች።