ወደ ሱዳን የበረረችው
ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ የባጃጅ ጭስ ሲሸተኝ አባቴ ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ መተማ ውስጥ የሳይንስ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ከሸምበቆና ከወረቀት በሠራት ትንሽ አውሮፕላን ላይ ከሱዳን ነጋዴ ያገኛትን አውራ ጣት የምታክል ሞተር ገጠመ። ሞተሯን ለማስነሳት ጠዋቱን ሙሉ ከፊት ያለውን ተሽከርካሪ ውልብልቢቷን በጣቱ ቢመታም አልነሳ አለችው፤ ጣቱ ደማ። ነርሷ እናቴ ቁስሉን ልታስር መጥታ ሞተሯን አሸተተቻት።

«ነዳጅ በዝቶባት ታፍናለች። ገልብጣት፤ ትንሽ ትተንፍስ» አለችው።

ገልብጦ አራገፋት፤ ነዳጁን ቀንሶ አንዴ ሲመታት እንደ ንብ መንጋ ጮኸች። ለቀቃት። ከሰሊጡ ማሳ በላይ ከፍ ብላ ወደ ሱዳን አቀናች።

«አባባ፣ መልሳት» አልኩት።

«እሷ የይለፍ ወረቀት አትጠየቅም፣ ልጄ» አለኝ በቀስታ። ሰው ያለ ይለፍ ወረቀት ድንበር መሻገር እንደማይችል ያኔ አልገባኝም። ድምጿ እስኪጠፋ ሦስታችንም አንጋጠን ቀረን።

እስከ ዛሬ ስትወድቅ ያያት ሰው አላገኘሁም።