የሚጾም ድስት

አንድ ቤት የምረጋ ሰው አይደለሁም። አማኑኤል ከተማ ሴት ልጄ ዘንድ እሰነብታለሁ፤ ስሰለቻቸው፣ ወይም ሲሰለቹኝ፣ ይጁቤ እህቴ ዘንድ እሻገራለሁ፤ ከዚያ አምበር ወንዱ ልጄ ቤት። ሰው «እግሯ አያርፍም» ይለኛል። ምን ላድርግ፣ ማየት እወዳለሁ።

ባለፈው ሁዳዴ አምበር ስደርስ የልጄ ቤት ሞልቶ ነበር። ላሟ ወልዳለች፤ ዶሮዎቹ ጓሮ ለጓሮ እንቁላል ይጥላሉ። የልጅ ልጄን ግን፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላትን፣ አቅፌ ሳነሣት ቀለለችኝ።

«ምነው ከሳች?» አልኋት ምራቴን።

«ሩጫ ስለጀመረች ነው፣ እማዬ።»

ልጅቷ ያን ዕለት ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

ሰንበት እንዳለፈ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጆች ልትለካ መጣች። የመንደሩ እናቶች ልጆቻቸውን ለክርስትና የሚያስነሡ ይመስል አጥበውና ቀብተው ተሰለፉ። መለኪያዋ ቀጭን ጥብጣብ ናት፤ በልጁ ግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መካከል ትጠመጠማለች። አረንጓዴ ከሆነ ደኅና፤ ቢጫ ከሆነ ልጁ እየከሳ ነው፤ ቀይ ከሆነ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አላሻኝም። እናቶቹ ግን ውድድር አደረጉት። አረንጓዴ የደረሳት፣ ዳኛ የፈረደላት ይመስል ነጠላዋን እያስተካከለች ትመለሳለች። አንዷማ ልጇን «ክንድህን ወጠር አድርግ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የእኛዋ ቢጫ ላይ አረፈች፤ ለቀዩ የቀራት ጥቂት ነበር። ምራቴ «ጥብጣቧን አጥብቀሻት ነው» አለች። ደግማ ለካቻት፤ ያው ቢጫ።

«ቤት ውስጥ ወተት፣ እንቁላል የለም?» አለች የጤና ኤክስቴንሽኗ።

«ምን የሌለ አለ?» ምራቴ ቅር አላት።

«ታዲያ ምን ትበላለች?»

«ሽሮ።»

«ልጅ እኮ አይጾምም፣ እትዬ።»

«ልጅቷማ አትጾምም። ድስቱ ነው የሚጾመው» አለች ምራቴ።

ማንም አልሳቀም፤ የማን ቤት ድስት አይጾምና። በእኛ አገር ቅበላ ሲያልፍ ዕቃው ሁሉ በአመድ ይፈተጋል። ከዚያ ወዲያ እንቁላል የነካው ድስት ለጾም ወጥ አይሆንም፤ ማንኪያውም፣ የሠራው እጅም ይጠረጠራል። ሰው ቢታመም የነፍስ አባቱ ይፈቱለታል። ድስት የነፍስ አባት የለውም።

ወተቱስ? ወተቱ ለፋሲካ ቅቤ ይናጣል፤ የቀረውን ጥጃዋ ትጠባዋለች።

«እስቲ የጥጃዋን አንገት ለኪልኝ» አልኋት የጤና ኤክስቴንሽኗን።

ሳቋን ዋጠች። «እማማ፣ ቀልዱ ይቆየን። ቀዩ ውስጥ ከገባች ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ልትተኛ ትችላለች። እንቁላልም ወተትም ስጧት። ተመልሼ እለካታለሁ።»

ቤት ስንገባ ምራቴ ተነጫነጨች። «ማኅበሩ በዚህ ወር እኛ ቤት ነው። እንቁላል በነካ እጄ ጠላ ልቅዳላቸው? ምን ይሉኛል?» ልጄ ደግሞ «ከፋሲካ በኋላ በደንብ ትበላለች» አለ። ለልጅ ሆድ ቀጠሮ ሰጠው እንግዲህ።

በማግስቱ ከሱቅ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ለምኜ፣ ከበረቱ ጀርባ ድንጋይ ጎልቼ እሳት አነደድሁ። እንቁላሉን በወተት መታሁት። ጨው በዛ አነሰ ለማለት እኔ አልቀምስ፤ ልጅቷ ፊቷን ካጨማደደች በዝቷል፣ አፏን ደግማ ከከፈተች ልክ ነው።

በሁዳዴ የእንቁላል ሽታ ከደወል ይፈጥናል። «አሮጊቷ ከበረት ጀርባ ትገድፋለች» ተባለ። ለከሳችው ልጅ ብቅ ያላለ ጎረቤት ሁሉ ለእኔ ነፍስ ተጨንቆ መጣ። በመጨረሻ የነፍስ አባታችንም መጡ።

«እማማ፣ እየገደፉ ነው አሉኝ።»

«ማን፣ እኔ? አባ፣ ጨውን እንኳ በልጅቷ ፊት ነው የምለካው።»

ቄሱ ልጅቷን አዩና ክንዷን በሁለት ጣታቸው ከበቡት። ጣቶቻቸው ተገናኙ። ምራቴን ጠሯት።

«ይችን ልጅ ማን ጹሚ አላት?»

«ማንም፣ አባ።»

«እንግዲያ አብሏት። ዕቃ ይታጠባል።»

«እሺ፣ አባ።»

ማታ የቀረበው ያው ሽሮ ነው። «እርሳቸውማ ይበሉ» አለች ምራቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማኅበርተኛው መቼ እርሳቸውን ይሰማል?» በመንደሩ ከቄሱ የሚበልጥ ቄስ እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

እኔም ቆርቆሮዬን አልተውሁም። ጠዋት እሠራለሁ፤ ማታም እሠራለሁ። ምራቴ በዚያ በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች፤ እንቁላሉ ግን፣ ማን እንደሚያኖርልኝ እንጃ፣ ሁልጊዜ ከቆርቆሮዬ ጎን ተቀምጦ አገኘዋለሁ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ተመለሰች። ጥብጣቧን አዙራ ሳበችና አጎንብሳ አየች። ምራቴ ትንፋሿን ይዛ ነበር።

«ገና ቢጫ ናት። ግን ከቀዩ ርቃለች፤ እየመጣች ነው። ምን ሰጠሻት?»

ማኅበርተኞቹ ሁሉ ከኋላ ቆመዋል። ምራቴ መሬት መሬት አየች።

«እንቁላል» አለች።

 ከዚያ ያች «ክንድህን ወጠር አድርግ» ባይ፣ ልጇን ታቅፋ ጠጋ አለችና በጆሮዋ «በምን ዕቃ?» አለቻት።

ምራቴ ቀና አለች። «ነገ ልጅሽን ይዘሽ ከበረቱ ጀርባ ነይ። እንቁላሉን እኔ እመታዋለሁ፤ እሳቱን እማዬ ያነዳሉ።»